የኢንጂነር ቦይ

የአባቴን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያረፈ ዕለት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጬ ጻፍኩት። ጎረቤቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ያለው ሥራዬም ደብዳቤና ሪፖርት መጻፍ ስለሆነ "አንቺው ትችይበታለሽ" ተባልኩ።

ቅርጹን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በ1933 ዓ.ም በወሎ ጠቅላይ ግዛት ኩታበር አካባቢ ተወለዱ። ከዚያ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ምህንድስና። ከዚያ ሥራ። ከዚያ "ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት ነበሩ"። ከዚያ "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ83 ዓመታቸው"። አንድ ገጽ ሞላ።

"የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው" ይባላል። እሱን ፈርቼ የሚያሞግስ ቃል ሁሉ አወጣሁ። አባቴ ሲያሞግሱት አይወድም ነበር። ዓመተ ምሕረቱንና የሥራ መደቡን ብቻ ተውኩ።

ሊነጋጋ ሲል ለእማዬ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝና "በቃ?" አለችኝ።

"ምን ልጨምር እማዬ? ድልድይ ሠርቷል?"

"አልሠራም።"

"መንገድ ከፍቷል?"

"መንገዱንማ የከፈቱት ጣልያኖች ናቸው።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"ይጠግን ነበር በያ።"

አልጻፍኩትም። "ይጠግን ነበር" ለሕይወት ታሪክ የሚያንስ መሰለኝ። በምትኩ "በልዩ ልዩ የኃላፊነት ቦታዎች አገልግለዋል" ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ መድኃኔዓለም ግቢ ውስጥ ተነበበ። ወንድሜ በስልኩ ቀርጾት ስለነበር ርዝመቱን አውቀዋለሁ። 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። አንድም ውሸት የለበትም። አባቴም የለበትም።

ድንኳኑ ውስጥ የገባው ውሃ

ቤታችን ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ደሴን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ጦሳ ላይ የዘነበ ዝናብ ሁሉ በየቅያሱ ተንደርድሮ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። የሚወርድበት ቦታ ከሰጠኸው በሰላም ይወርዳል። ካልሰጠኸው የራሱን ቦታ ይይዛል።

ሰልስቱ ሐምሌ ላይ ዋለ። ድንኳኑ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት፣ ቅያሱን ዘግቶ ተተክሏል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ በረዶ ሸራውን ደበደበው። ቀጥሎ ዝናቡ መጣ፤ እንዲህ ያለ ዝናብ ሲመጣ ሰው ማውራት ያቆማል፣ ቢያወራም አይሰማም።

ውሃው ሲገባ ያየሁት ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ሲያነሡ ነው። ቀጭን ነበር። ከላይኛው በኩል ከሸራው ሥር ሾልኮ፣ በአግዳሚዎቹ መሐል እየተጠማዘዘ መጣ። ቅጠልና የውሃ ላስቲክ ይዟል። ከሽማግሌው ቀጥሎ ያለው ሰውም እግሩን አነሣ። ከዚያ ቀጥሎ ያለችው ሴትዮ ነጠላዋን ሰበሰበች። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው እውነት ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሰሌኑ ተንሳፈፈ። የንፍሮው ትሪ ተንሳፈፈ። ለቀስተኛው በሙሉ አግዳሚ ላይ ቆመ።

ጎረቤታችን ሐጂ ከአጠገቤ ነበሩ። ውሃውን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣

"ይሄ ቦይ እኮ የኢንጂነር ነበር" አሉ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ከድንኳኑ አጠገብ፣ ከግንቡ ሥር፣ 80 ሜትር የሚሆን ቦይ አለ። ቅያሱን ከላይ እስከ ታች ይዞት ይወርዳል። አባቴ በ1988 ጡረታ ከወጣ ጀምሮ፣ ክረምት ክረምት በየቅዳሜው፣ በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ይጠርገው ነበር። ግራጫ ቱታውን ለብሶ፣ ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል። ለ28 ዓመት። እኛ ልጆቹ እናፍር ነበር። ኢንጂነር የሚሉት ሰው እንዴት ቦይ ይጠርጋል? ሰው ቅጠርበት ብለን ብር ስንልክለት ተቀብሎ ለእማዬ ይሰጣታል፣ ቅዳሜ ደግሞ ዶማውን ይዞ ይወጣል።

መጋቢት ላይ አልጋ ያዘ። የበልጉ ዝናብ አፈር ይዞ ወረደ፣ የሚያነሣው ሰው አልነበረም። ሰኔ ላይ ክረምቱ የቀረውን ሞላው። እኔ በእነዚያ አራት ወራት ውስጥ በወር ሁለቴ እመጣ ነበር። ያን ቦይ እየተሻገርኩ ነው የምገባው። አንድም ቀን ወደ ታች አላየሁም። እሱ ግን ከአልጋው ሆኖ ዝናብ በመጣ ቁጥር "ውጭ እንዴት ነው?" ይለኝ ነበር። የአየሩን ሁኔታ የጠየቀኝ መስሎኝ "ብርድ ነው አባዬ፣ ተሸፋፈን" እለዋለሁ።

ተነሥቼ ወደ ዕቃ ቤት ሄድኩ። አካፋው በቦታው ነበር። እጀታው እሱ የሚይዝበት ሁለት ቦታ ላይ ለስልሶ ያብለጨልጫል። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ወጣሁ። የእድሩ ሊቀመንበር "ኧረ ተይ ልጄ፣ በለቅሶሽ ቀን" አሉኝ። መልስ አልሰጠሁም። ከላይኛው ጫፍ፣ ውሃው ከቦዩ ወጥቶ ወደ ድንኳኑ ከሚታጠፍበት ቦታ መቆፈር ጀመርኩ። አንድ አካፋ ባወጣሁ ቁጥር ሁለት አካፋ ይሞላል።

ሐጂ ጋቢያቸውን ለልጃቸው ሰጥተው፣ ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው መጡ። ዶማ ይዘዋል።

"ከታች ጀምሪ ልጄ" አሉኝ። "እሱ ሁልጊዜ ከታች ነበር የሚጀምረው። መውጫውን ሳትከፍቺለት የት ይሂድልሽ?"

ወደ ታች ወረድን። ወጣቶቹ ተከተሉን። አንዱ ከነኮቱ፣ አንዱ ጫማውን አውልቆ። ከታች ወደ ላይ እየቆፈርን ወጣን። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። የመጨረሻውን አፈር ሐጂ በዶማ ሲስቡት የውሃው ድምፅ ተለወጠ። እስከዚያ ሲንሾካሾክ የነበረው ድንገት ጎላ ብሎ፣ አንድ አቅጣጫ ይዞ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ቀስ እያለ ጎደለ።

ዶሮ መዝለያ፣ ነሐሴ 1977

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አካፋውን እንደያዝኩ ቆሜ የት እንደሰማሁት አሰብኩ። መጣልኝ።

11 ዓመቴ ነበር። ትምህርት ተዘግቷል። አባቴ ያኔ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው፣ ቤታችን ደሴ። አንዳንድ ቀን ላንድሮቨሩ ውስጥ አስገብቶኝ ይወርዳል፣ ማታ ይዞኝ ይመለሳል። ያን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀው ነበር። 25 ኪሎ ሜትር በማትሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ኮምቦልቻ ላይ ያወለቅከውን ሹራብ ደሴ ስትደርስ ትለብሰዋለህ።

የዚያን ዕለት ማታ ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ዶሮ መዝለያ አካባቢ፣ ገደሉ ጠብቦ ቦርከና ከሥር በሚጮህበት ቦታ፣ አባቴ መኪናዋን ጥግ አስይዞ አቆመ። ለምን እንደቆመ አልገባኝም። መንገዱ ደህና ነው። አስፋልቱ ያብለጨልጫል። ወርዶ በግራ በኩል አየ፣ ተሻግሮ በቀኝ በኩል አየ። ተመልሶ መጣና ባትሪውን ሰጠኝ።

"ከላይ ሞልቷል፣ ከታች ደረቅ ነው" አለኝ። "ቱቦው ተደፍኗል።"

ይህን ዓረፍተ ነገር እስክሞት አልረሳውም። ሌላ ሰው የሚያየው መንገዱን ነው፣ እሱ ግን ከመንገዱ ሥር ያለውን አየ። በኋላ፣ ሳድግ፣ አስረድቶኛል። ውሃ በተራራው በኩል ሲጠራቀምና መተላለፊያ ሲያጣ መንገዱን ከላይ ይሻገራል። ሲሻገር በገደሉ በኩል ያለውን ሙሌት አፈር ከሥር ከሥሩ ይበላል። አስፋልቱ ላዩ ሙሉ ሆኖ ይቆያል፣ ሥሩ ግን ባዶ ነው። በጨለማ የሚመጣ ሾፌር የሚያየው ሙሉ አስፋልት ነው።

ጊዜውን አስቡት። 1977 ነው። ከአሰብ እህል የጫኑ ከባድ መኪናዎች በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ ይገባሉ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ ሰሜን ይወጣሉ። ከላይ ያለው ሕዝብ የሚጠብቀው እነሱን ነው። መንገዱ ለአንድ ቀን ከተዘጋ እህሉ አንድ ቀን ዘገየ ማለት ነው። አንድ ቀን ያኔ ምን ያህል እንደሆነ ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው አልነግረውም።

አባቴ መጀመሪያ የወረደው ወደ ታችኛው አፍ ነው። መውጫው ክፍት መሆኑን አየ። ከዚያ ወጥቶ፣ ወገቡን በገመድ ከመኪናዋ ጋር አሰረና፣ ጫፉ የተቆለመመ ረጅም ብረት ይዞ ወደ ላይኛው በኩል ሄደ። እኔ ባትሪውን ይዣለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል።

"አፉ ፊት እንዳትቆሚ። ሲከፈት ይስባል።"

እሱም ከጎን ነው የቆመው። ብረቱን እየሰደደ ይጎትታል። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወጣ። የተቀዳደደ ጆንያ ወጣ። ከታች የመኪና መብራት ታየኝ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጠመዝማዛውን ይዘው እያቃሰቱ ይወጣሉ። የመጀመሪያው ደርሶ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ "ምን ሆነ?" ብሎ ጮኸ።

"ምንም። ትንሽ ቆይ።"

ውሃው አስፋልቱን ጫፍ ጫፉን መላስ ጀምሮ ነበር። አባቴ አንድ ጊዜ ብረቱን ሰዶ በሙሉ አካሉ ወደ ኋላ ሳበው። ቱቦው አቃሰተ። የተኛው ውሃ መሐሉ ጎደጎደ፣ ተሽከረከረ፣ ከዚያ በአንድ ድምፅ ሄደ። ሰልስቱ ቀን የሰማሁት ድምፅ ይሄ ነው።

ወዲያው አልተንቀሳቀሰም። ተሻግሮ የገደሉን በኩል ሙሌት በባትሪ እያየ፣ በእግሩ እየረገጠ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ተመልሶ "ውሃ ያልፋል" አለ። ለሾፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠው። 17 መኪና ቆጠርኩ። አንዱም ለምን እንደቆመ አላወቀም።

ቤት ስንገባ እማዬ "ለምን ዘገያችሁ?" አለች። "ዝናብ ነበር" አላት። አለቀ። በማግስቱ ማንም ስለዚያ ሌሊት አላወራም፣ የሚወራ ነገር የለማ። መንገዱ አልተቆረጠም። መኪና አልወደቀም።

አሁን ወረቀቱን ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የሕይወት ታሪክ የሚባለው ነገር የተጀመረን፣ የተመረቀን፣ ሪባን የተቆረጠለትን ይቆጥራል። የአባቴ ሥራ ደግሞ አንድ ነገር እንዳይሆን ማድረግ ነበር። ያልሆነን ነገር በስንት ዓመተ ምሕረት ብለህ ትጽፈዋለህ? ኩታበር ላይ ቦርከና በሚነሣበት አካባቢ ተወልዶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያንኑ ውሃ ተከትሎ እየወረደ መንገድ እንዳይበላ ሲጠብቅ ኖረ። እኔ ግን "በልዩ ልዩ የኃላፊነት ቦታዎች" አልኩት።

ጎሚኒና ካቻቢቴ

ቤትም ውስጥ ያው ነበር። ቧንቧ ጠብ ካለ ሌሊት አይተኛም። በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ጎሚኒ በየቁጥሩ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክርና ሰም ነበረው። እሑድ ጠዋት የአምስታችንን ጫማ በረንዳ ላይ ደርድሮ ሶሉን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ያያል። ሊከፈት የደረሰውን ገና ሳይከፈት ይሰፋዋል። "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላል። እንደ ተረት አይደለም የሚለው፣ እንደ ሥራ መመሪያ ነው። እኔ በልጅነቴ የተቀደደ ጫማ አድርጌ አላውቅም። አዲስ ጫማም ብዙ አላደረግኩም።

ከእማዬ ጋር አይጋጩም ነበር ብል እዋሻለሁ። ግን አኩርፎ አድሮ አያውቅም። ራት ሳይቀርብ፣ ቡናው አቦል ላይ ሳለ፣ አንድ ነገር ብሎ ያስቃታል ወይም ጥፋቱን ያምናል። እንደዚያ ሲያደርግ ልክ የተዘጋ ነገር እንደሚከፍት ሰው ፊቱ ይኮሳተር ነበር።

ክረምት ግን የእኛ አልነበረም። ይህን መሸፈን አልፈልግም። ሐምሌ ላይ ስመረቅ አልመጣም። እማዬ ብቻዋን፣ ድፎ ዳቦ ተሸክማ፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባች። መንገድ ላይ ናዳ ወርዶ ነበርና እሱ ማሽኖቹ ጋ ቀረ። ከሁለት ቀን በኋላ ስልክ ደውሎ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ መንገዱ ተከፈተ" አለኝ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ። ለዓመታት ቂም ይዤበት ነበር። አሁን ምን እየሠራ እንደነበር ገብቶኛል። ቢሆንም ፎቶው ላይ እሱ የሚቆምበት ቦታ ባዶ ነው፣ ባየሁት ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ሁለቱም እውነት ነው።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ በግድ ይዘነው ወጣን። 81 ዓመቱ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ እማዬ ቤቱ ምን እንደሆነ ልታይ ወደ ውስጥ ሮጠች። እሱ ከዘራውን ይዞ በቦዩ ዳር ወረደ። በጋ ነው፣ ደመና እንኳ የለም። የተሰበረ ብሎኬትና ቆሻሻ ተጥሎበት አገኘ። ሻንጣውን ሳይፈታ ያን ሲያነሣ ዋለ። ያኔም ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ከተማው ውስጥ እሱ ሊያስተካክለው የሚችለው አንድ ነገር ያ ነበር።

ሌላው ጫፍ

ከአርባው በኋላ ባለው ቅዳሜ ኮምቦልቻ የሚሠራው ወንድሜ መጣና ቦዩን በደንብ ልናስተካክለው ወጣን። ጠርገነዋል፣ ግን መሐሉ ላይ ውሃ ይተኛል። አንድ ቦታ ድንጋዩ ሰጥሟል። ወለሉን እንደገና ማስያዝ ያስፈልጋል።

የአባቴን ውሃ ልክ ከምስማሩ አወረድን። ደረጃ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት አይደለም፣ ግንበኞች የሚይዙት ስስ ነጭ ጎማ ነው። ውሃ ትሞላዋለህ፣ አንድ ሰው በዚህ ጫፍ፣ አንድ ሰው በዚያ ጫፍ ይይዛል፣ ውሃው የቆመበት ቦታ በሁለቱም በኩል እኩል ነው። ቀላል ይመስላል። እኔና ወንድሜ አንድ ሰዓት ለፋን። በለካን ቁጥር ሌላ ቁጥር ይመጣል።

እማዬ ጥቁሯን እንደለበሰች በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየናለች። በመጨረሻ ተነሥታ መጣች።

"አየር አለበት" አለች። "አየር ካለበት ይዋሻል። ከፍ አድርጋችሁ አስወጡት።"

ጎማውን ከፍ አደረግነው። ትንንሽ አረፋ ተከታትሎ ወጣ።

"አንቺ ይሄን እንዴት አወቅሽ?"

ገረማት። በእውነት ገረማት። "52 ዓመት ሙሉ ሌላውን ጫፍ ማን ይዞለት የኖረ ይመስልሻል? ከተጋባን ጀምሮ፣ ይሄን ቤት ሲያሠራ፣ ይሄን ቦይ ሲያወጣ። ሠራተኛ ይዞለት አያምንም፣ እኔ ስይዝለት ነው የሚያምነው።"

"አንድም ቀን ነግረሽን አታውቂ።"

"አልጠየቃችሁኝማ።"

ወንድሜን በእጇ ገለል አደረገችውና ጫፉን ተቀበለችው። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ ከግንቡ ጋር አስጠግታ ያዘችው። ጉልበቷ ያማታል፣ ግን አልተቀመጠችም። እኔ የእኔን ጫፍ ይዤ ወደ ታች 10 ሜትር ያህል ወረድኩ። ውሃው ጎማው ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አይረጋም።

"ጣትሽን አንሺለት እንጂ" አለችኝ ከላይ። "ደፍነሽው እንዴት ይቁም?"

አነሣሁ። ውሃው አንዴ ወጣ፣ አንዴ ወረደ፣ ቆመ።

"ቆሟል?"

"ቆሟል።"

"ምልክት አድርጊበት። ከዚያ አራት ጣት ዝቅ በይ። ለ10 ሜትር አራት ጣት ይበቃል ይል ነበር።"

ግንቡ ላይ በምስማር ጫርኩና ጣቶቼን አስጠግቼ ለካሁ። ከምልክቴ ሥር፣ ልክ አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ የቆየ ጭረት አለ። ሻጋታ ሸፍኖታል። በአውራ ጣቴ ጠረግኩትና ድንጋዩን እዚያ ድረስ አወረድነው።